የትራክተሩ ቆጣሪ 640 የሥራ ሰዓት ይላል፤ ይህን ልግዛ ወይስ አዲሱን?

ባለ ሦስት ሄክታር

ጤና ይስጥልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሂሳብ ስመዘግብ ኖሬ አሁን የራሴ አልዘጋ አለኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ። ሦስት ሄክታር መሬት አለኝ፤ ግማሹ ሣር ነው፣ ሩቡ የፍራፍሬ ዛፍ፣ የቀረው በየዓመቱ የሚታረስ። እስከ ዛሬ በኪራይ ትራክተር ነበር የማሳርሰው። ባለ ትራክተሩ የሚመጣው ለእሱ ሲመቸው እንጂ ለአፈሩ ሲመቸው አይደለም። ባለፈው ዓመት መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ ገብቶበት ጥሎት የሄደው የጎማ ዱካ እስከ ዛሬ ውሃ ያቁራል። ስለዚህ የራሴን ትንሽ ትራክተር ልገዛ ቆርጫለሁ።

ሁለት አይቻለሁ። አንደኛው አዲስ፣ ባለ 35 የፈረስ ጉልበት፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ነው። ማርሽ መቀያየር ሳያስፈልግ ፔዳል ብቻ እየረገጡ የሚነዱት ሃይድሮስታቲክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከፊት ሎደር የሚባለው ማንሻ ባልዲ አለው፤ የሁለት ዓመት ዋስትናም ይሰጡበታል። ሁለተኛው አሥራ አንድ ዓመት የሆነው፣ በጉልበት የአዲሱ እኩያ፣ ማርሹ በእጅ የሚገባ ነው። እሱም ሎደር አለው። ቆጣሪው 640 ሰዓት ይላል። ሻጩ ጨዋ ሰው ይመስላል፤ ትራክተሩን እንደ ሙሽራ አጥቦና ቀለም ቀብቶ ነው ያሳየኝ።

የአዲሱን ዋጋ 100 ብለን ብንነሳ ያገለገለው 58 ነው። ለአዲሱ ግማሹን እበደራለሁ፤ የአምስት ዓመቱ ወለድ ሲደመርበት ወደ 114 ይጠጋል። ለአሮጌው ብድር አያስፈልገኝም። ልዩነቱ 56 ነው። ይህ 56 በጥገና ተበልቶ ያልቃል ወይስ ኪሴ ውስጥ ይቀራል? ይህን ለማወቅ ባለ አሥር ዓምድ ሰንጠረዥ ሠርቻለሁ። ባለቤቴ አየችውና «ይህ ሁሉ ቁጥር ቀዩን ትራክተር እንደወደድከው ለመደበቅ ነው» አለችኝ። ቀዩ አዲሱ ነው።

አሮጌ መፍቻ

እንኳን ደህና መጡ። ሰንጠረዡን ባላየውም አንድ ዓምድ ሳይጎድለው አይቀርም፤ በዓመት ስንት ሰዓት ሞተር ያስነሳሉ? በደንብ የተያዘ የናፍጣ ሞተር ሳይከፈት በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ይሠራል። በዓመት 100 ሰዓት የሚሠራ ሰው 640 ሰዓት የሠራ ትራክተር ቢገዛ፣ ቁጥሩ እውነት ከሆነ፣ ሞተሩን ለልጁ ያወርሳል። በዓመት 500 ሰዓት ለሚሠራበት ሰው ግን በሥራ ወቅት ሦስት ቀን መቆም ራሱን የቻለ ኪሳራ ነው፤ እሱ አዲስ ቢገዛ አልፈርድበትም።

«እውነት ከሆነ» ያልኩት በምክንያት ነው። ለሽያጭ ቀለም የተቀባ ትራክተር ደስ አይለኝም። ቀለም ዘይት የሚያልብበትን ቦታ ይሸፍናል። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ስውል ከቆጣሪ ይልቅ ማመን የለመድኩት ፔዳልን ነው። ቆጣሪ ይቀየራል፤ ሁልጊዜም ለማታለል አይደለም፣ ዳሽቦርዱ ተበላሽቶ በአዲስ ሲተካ ከዜሮ ይጀምራል። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳል ላስቲክ በ640 ሰዓት ተልጦ ብረቱ አያብረቀርቅም። ከኋላ ተሳቢ የሚያያዝበትን ቀዳዳም ይዩ። ከፋብሪካ ሲወጣ ክብ ነው፤ ብዙ የጎተተ ትራክተር ላይ ግን እንቁላል ይመስላል።

ለማየት ሲሄዱ «እኔ ሳልደርስ ሞተሩን እንዳታስነሳው» ብለው አስቀድመው ይለምኑት። እንደደረሱ ከሰላምታው ቀጥሎ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ካገኙት በብርድ አልነሳ የሚል ሞተር ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ቢጠፋ ምንም አይደለም። ሰማያዊው ካልጠፋ ዘይት እየነደደ ነው። ሥራ ሲከብደው ጥቁር የሚያጨስ ከሆነ የአየር ፊልትሮው ታፍኖ ወይም ናፍጣው በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ያ በቀላሉ ሊስተካከል ይችላል። ከሞቀ በኋላ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ፤ እንደ ባቡር ቱፍ ቱፍ እያለ ትንፋሽ የሚገፋ ከሆነ ፒስተኖቹ ደክመዋል።

የሃይድሮሊክ ዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘው ቀለሙን ይዩ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በሎደሩ ከባድ ነገር አንስተው ሞተሩን ያጥፉና እየተጨዋወቱ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ማንም ሳይነካው ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ ጉሚኒዎቹ ወይም ቫልቩ አልቀዋል። ከሎደሩ ሥር ግን አይቁሙ። የኋላ ጎማው ለክብደት ተብሎ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ተሞልቶ እንደሆነም ይጠይቁ። ጨውማው ውሃ ሲያፈስ ቸርኬውን ይበላዋል፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከመንፊያው ዙሪያ ነው።

ዳገት ላይ ያለሁት

ወንድሜ፣ እኔ ከአራት ዓመት በፊት አዲስ ነው የገዛሁት፤ አልጸጸትም፤ ነገር ግን ማንም ያልነገረኝን ልንገርህ። ከ19 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ25 የፈረስ ጉልበት ገደማ በላይ የሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ብዙዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የጭስ ልቀት ሕግ ምክንያት የጭሱን ጥላሸት የሚያጠራቅም ማጣሪያ ተገጥሞላቸዋል። ማጣሪያው ሲሞላ ሞተሩ ማጣሪያውን አግሎ ጥላሸቱን ያቃጥላል። ያ እንዲሆን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር መሥራት አለበት። እኔ ደግሞ ናፍጣ የቆጠብኩ መስሎኝ በዝቅተኛ ዙር እያንቀራፈፍኩ ነበር የምሠራው፤ የማጣሪያው ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራም «በኋላ» እያልኩ ሞተሩን አጠፋው ነበር። በስምንተኛው ወር ማጣሪያው ታፈነና ትራክተሩ ጉልበቱን ቀንሶ አላርስ አለኝ። ዋስትና ቢኖረኝም «አያያዝሽ ነው» ተባልኩ። የምትገዛው አዲሱ ትራክተር ማጣሪያ ካለው የአያያዝ መጽሐፉን አንብበው፤ ጥላሸቱን ማቃጠል ሲጀምር እስኪጨርስ አታጥፋው።

ሃይድሮስታቲኩን በተመለከተ ግን ጠበቃው ነኝ። በሎደር ፍግ ስትጭን፣ ፊትና ኋላ ደጋግመህ ስትሄድ፣ በዛፎች መካከል ስትሽሎከሎክ እግርህ ያመሰግንሃል። ቀኑን ሙሉ ማረሻ ለሚጎትት ሰው የእጅ ማርሹ ይሻላል፤ ጉልበት አያባክንም። የአንተ መሬት ሁለቱንም ስላለው ልፈርድልህ አልችልም።

አንድ ነገር ብቻ ያለ ድርድር፦ ከመቀመጫው ኋላ የመገልበጥ መከላከያው ብረት የሌለውን ትራክተር በነፃ ቢሰጡህ አትውሰድ። በትራክተር አደጋ ሰው በብዛት የሚሞተው ተገልብጦበት ነው። ብረቱ ቆሞ ሳለ ቀበቶህን እሰር፤ ለዛፍ ብለህ ካጠፍከው ደግሞ ቀበቶውን ፍታ፣ ከታሰርክ ከሥሩ ትቀራለህ። የእኔ መሬት ዳገት ነው፤ አንዴ የላይኛው ጎማ ከመሬት ሲነሳ አይቼዋለሁ። ሣሩን ሳይ አሁንም ሆዴ ይባባል።

ተሳቢ ጎታች

እኔ አጭር ነኝ። ለጃፓን የውስጥ ገበያ ተሠርቶ አርጅቶ ከዚያ የወጣ ትራክተር በርካሽ ገዛሁ። ሞተሩ ዛሬም እንደ ሰዓት ይሠራል። ነገር ግን ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ ነው፤ ሞዴሉ ሌላ ቦታ ስላልተሸጠ አንድ የውሃ ፓምፕ ለማግኘት አራት ወር ቆምኩ። ከመግዛትህ በፊት የዘይት ፊልትሮውንና የፍሪሲዮኑን ቁጥር ይዘህ መለዋወጫ ሻጭ ጋር ሂድ። «አለ» ካለህ ግዛ፤ «ይመጣል» ካለህ ተመለስ።

ባለ ሦስት ሄክታር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር። ሻጩን «አታስነሳው» ብዬ ለምኜው ነበር፤ ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ እንደ ቡና ጀበና ሞቆ ጠበቀኝ። «ባትሪውን ልሞላው ብዬ ነው» አለ። ዝም አልኩ።

የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላስቲክ አዲስ ነው። የፍሬኑን ግን መቀየር ረስተውታል፤ ብረቱ እንደ መስተዋት ያበራል። ተሳቢ የሚያያዝበት ቀዳዳ አሮጌ መፍቻ እንዳሉት እንቁላል ነው፣ ያውም የዳክዬ። ሎደሩን አንስተን ሞተሩን ስናጠፋ ስለ ልጆቻችን ማውራት ጀመርን፤ የእኔን ሁለተኛ ልጅ ሳንጨርስ ባልዲው መሬት ነክቶ ነበር። በመጨረሻ ስለ ቆጣሪው ጠየቅሁት። «640ው ዳሽቦርዱ ከተቀየረ ወዲህ ያለው ነው» አለኝ። ከዚያ በፊትስ ስንት ነበር? «እሱን አልጠየቁኝም።» ሰውየው አልዋሸም፤ ሂሳቡን ከመካከለኛው ገጽ ጀምሮ ነው ያሳየኝ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ዓይነት መዝገብ ብዙ አይቻለሁ።

የሥራ ሰዓቴንም ቆጠርኩ። ሣር ማጨድ፣ ማረስ፣ ፍግ መበተን፣ ተሳቢ መጎተት፤ ሁሉም ተደምሮ በዓመት ከ90 ሰዓት አይበልጥም። በዚህ ስሌት ቀዩን ብገዛ ዋስትናው ሲያልቅ 180 ሰዓት ብቻ ነው የሠራሁበት። ዋስትናውን ከፍዬ ገዝቼ ሳልጠቀምበት ሊያልቅብኝ ነው።

አሁን ሦስተኛ ትራክተር ተገኝቷል። ከዚያው እየተመለስኩ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ነው የጠቆመኝ። ባለ 30 የፈረስ ጉልበት፣ ማርሹ የእጅ፣ 1,450 ሰዓት የሠራ፤ ዋጋው በእኔ ሚዛን 49። ቀለሙ በፀሐይ ነጥቷል፣ መቀመጫው ተቀዷል፣ ኮፈኑ አንድ ጎኑ ተጫጭሯል። ባለቤቱ ግን ከመቀመጫው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጣ። ከ50ኛው ሰዓት የመጀመሪያ ዘይት ቅያሪ ጀምሮ ሁሉም ተጽፏል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተቀየረው ነገር። አንዳንዱ ገጽ ላይ የግራሶ አሻራ አለ። በ1,212 ሰዓት «የውሃ ፓምፕ፣ የእኔ ጥፋት፣ ቀበቶውን አጥብቄው ነበር» ይላል። እኔ ደብተሩን ቁጭ ብዬ ሳነብ ሰውየው ስለ ትራክተሩ እስክጠይቀው መጠበቅ ደክሞት ሄዶ ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ።

ባለቤቴን ለማሳመን አዲስ ሰንጠረዥ አልሠራሁም። ደብተሩን በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሳየኋት። «ቀይ አይደለም እኮ» አለች።

አሮጌ መፍቻ

ጥፋቱን የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነው። ቢሆንም ልጠይቅዎ፤ 30 ያለው የሞተሩ ነው። ከኋላ በሚሽከረከረው ዘንግ፣ 540 ዙር በደቂቃ በሚዞረው ላይ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው፤ 25 አካባቢ ይበሉት። ሮታቬተር የሚባለውን አፈር መፍጫ ሊገዙ ካሰቡ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይለፍ፣ አፈርዎ ከባድ ከሆነ ከዚያም ይጥበብ። የዘንጉ ፕላስቲክ ሽፋን መኖሩንም ይዩ፤ 540 ማለት በአንድ ሰከንድ ዘጠኝ ዙር ነው፣ እጅጌ ከያዘ «አቁም» ለማለት ጊዜ አይሰጥም።

ሌላው፣ ደብተሩ ላይ የፊት አክሱሉ ዘይት ተቀይሮ ያውቃል? አራቱም ጎማ የሚጎትት ከሆነ እሱ ለብቻው ዘይት አለው፤ ጠንቃቃ የሚባሉት ሰዎች እንኳ የሚረሱት እሱን ነው።

ባለ ሦስት ሄክታር

አሁን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላብጬ መጣሁ። የሞተር ዘይት አሥራ አንድ ጊዜ፣ የሃይድሮሊክ ዘይትና ፊልትሮ አራት ጊዜ፣ የአየር ፊልትሮ ስድስት ጊዜ። የፊት አክሱል የሚል የለም።

አሮጌ መፍቻ

እንግዲያውስ ሲሄዱ ባዶ ጣሳ ይያዙ። ባለቤቱን አስፈቅደው የታችኛውን ማፍሰሻ ብሎን በትንሹ ያላሉት። ጥቁር ዘይት ከወረደ ግድ የለም፣ ይቀይሩታል። መጀመሪያ የወረደው ውሃ ከሆነ ወይም የብረት ብናኝ ጣትዎ መሃል ካንጸባረቀ 49 ማለትዎን ይተዉና 42 ብለው ይጀምሩ። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር መግጠሙንም ያመሳክሩ፤ ከፊት የተሳሳተ መጠን ያለው ጎማ ገጥሞ አራቱንም እያስጎተተ ጠንካራ መሬት ላይ ሲነዳው ከኖረ ያንን አክሱል የጎዳው ዘይት ብቻ ላይሆን ይችላል።

ባለ ሦስት ሄክታር

ጣሳው መኪናዬ ውስጥ ገብቷል። ነገ ጠዋት።