ሒሳብ 770፣ እንግሊዝኛ 540፦ በዚህ ውጤት ማመልከት ገንዘብ ማባከን ነው?

የብየዳ ቤት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከረዘመባችሁ ይቅርታ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ሳብሰለስለው ነው የከረምኩት።

ያደግኩት ደሴ ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። በብሔራዊ ፈተናው ሒሳብ 96፣ ፊዚክስ 91፣ እንግሊዝኛ 67። ከዚያ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ አርፌ ኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጆች የሚያዩትን የመግቢያ ፈተና) ተፈተንኩ። ሒሳብ 770 መጣ፣ ንባብና ጽሑፍ 540። ድምሩ 1310። ውጤቱን የከፈትኩት ታክሲ ውስጥ ነበር። 770ውን ሳይ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ሌላውን ሳይ ዝም አልኩ።

የሆነው ይኸውላችሁ። የእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ክፍል 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ ነው። ስለ ወፎች ፍልሰት የሚያወራ አንቀጽ ላይ አንዲት ቃል አላወቅኩም። እሷን ካልፈታሁ አልነቃነቅም ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ቀና ስል አራት ደቂቃ ሄዷል። የመጨረሻዎቹን ስምንት ጥያቄዎች በግምት ነካክቼ አለፍኩ። ሁለተኛው ክፍል ግን ቀለለኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።

ዱኦሊንጎ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናም ወስጃለሁ፣ 105። እሱም በሁለተኛው ሙከራ ነው። በመጀመሪያው መናገር እንደጀመርኩ መብራት ጠፋ።

አባቴ ብየዳ ቤት አለው። ኤስኤቲ አንዴ ለመፈተን ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ በብር እናንተው ምቱት። ድጋሚ ክፈልልኝ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

የምፈልገው ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው። ያሰብኩት አሜሪካ ያሉትን ኤምአይቲ እና ጆርጂያ ቴክን ነበር። የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ከሆኑ ሒሳቡን አይተው እንግሊዝኛውን ይተዉልኛል? ወይስ 1310 ሲያዩ ገና ሳይከፍቱት ይጥሉታል? እውነቱን ንገሩኝ፣ አልከፋም። (ትንሽ እከፋለሁ።)

ወፍ በረር፦

እህቴ፣ ምደባሽን እንዳትለቂ። እዚህ የሚጽፈው የተሳካለት ነው፤ ያልተሳካለት ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። ኤምአይቲ ከውጭ አገር አመልካች የሚቀበለው ከመቶ ሁለት ቢሆን ነው። እዚሁ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከደረሰሽ ግቢና እየተማርሽ ሞክሪ። ዓመቱን አክስትሽ ቤት ተቀምጠሽ ከምትጨርሺው ይሻላል።

መፍቻ 13፦

የብየዳ ቤት ልጅ፣ የኔ ውጤት 780 እና 550 ነበር። አሁን አሜሪካ ሜካኒካል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ነኝ። የትምህርት ቤቴን ስም አልጠራም፤ ሐበሻው ጥቂት ስለሆነ ወዲያው ታውቁኛላችሁ።

መጀመሪያ ስለዚያ «ቀለለኝ» ስላልሽው። እኔም እንዳንቺ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። ዲጂታሉ ፈተና አንቺን እያየ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያውን ክፍል ጥሩ ከሠራሽ ከባዱ ሁለተኛ ክፍል ይመጣልሻል፤ ካበላሸሽው ቀላሉ። ቀላሉ ከመጣ ደግሞ አንድም ሳትስቺ ብትሠሪው ነጥቡ ጣሪያ አለው። ያንቺ 540 ያለቀው እዚያው ወፎቹ ጋ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አይተዉልሽም። ግን ደምረውም አይጥሉሽም። ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያዩት። 770 «ካልኩለስ ትችላለች» ይላል፣ በዚያ በኩል ሥራሽ አልቋል። 540 ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ ይቺ ልጅ መጥታ ማንበብና መጻፍ ላይ ትሰምጣለች ወይ? የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ሲባል ቁጥር ብቻ አይምሰልሽ። ኤምአይቲ ራሱ ከታሪክ፣ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከኢኮኖሚክስና ከመሳሰሉት ስምንት ኮርስ ሳትወስጂ አያስመርቅሽም። እኔ የመጀመሪያውን የላብ ሪፖርቴን ሳስገባ ስሌቱ አንድ ስህተት አልነበረበትም። መምህሩ ከሥሩ «ምን ነበር ያደረግከው?» ብሎ ብቻ ጽፎ መለሰልኝ። ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት።

አሁን ደስ የሚለው። ሱፐርስኮር የሚባል ነገር አለ። ኤምአይቲም ጆርጂያ ቴክም ከየፈተናው ከየክፍሉ ከፍተኛውን ነው የሚወስዱት። ድጋሚ ስትፈተኚ ሒሳቡ 700 ቢመጣ እንኳ 770ሽን የሚነካው የለም። ስለዚህ በእግዚአብሔር፣ 770ን 800 ለማድረግ አንድ ቀን እንዳታቃጥይ። ጎበዝ ነን በምንለው ነገር ላይ መደበቅ እንወዳለን፤ እኔ ሁለት ወር የጨረስኩት በዚያ ነው።

እንግሊዝኛው 54 ጥያቄ ነው። ሩብ ያህሉ ንጹህ ሰዋስው ነው። ነጠላ ሰረዝ የት ይገባል፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር በምን ይያያዛል፣ ግሱ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል ወይ። ይህ እንደ ሒሳብ ሕግ አለው፤ እኛ ደግሞ ከልጅነታችን ሰዋስው ስንሸመድድ ነው ያደግነው። እኔ ከ550 ወደ 640 የወጣሁት ባብዛኛው በሱ ነው። ብሉቡክ (የኤስኤቲው መተግበሪያ) ላይ ያሉት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ነጻ ናቸው፣ ካን አካዳሚ የሚባለው የማጥኛ ድረ ገጽም ነጻ ነው። ለአስጠኚ አትክፈይ። ዱኦሊንጎው ግን መነሳት አለበት፤ ብዙዎቹ ቢያንስ ከ110 እስከ 120 ይፈልጋሉ።

ገንዘቡ ነው ዋናው ራስ ምታት። ጆርጂያ ቴክ የመንግሥት ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ የውጭ ተማሪ ችግሩን አይቶ አይረዳም፤ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ከየት ታመጫለሽ? ከዝርዝርሽ አውጪው። ኤምአይቲ የገንዘብ አቅምሽን ሳያይ ይወስናል፣ ከተቀበለሽ የጎደለውን በሙሉ ይሸፍናል። ሞክሪው፤ ግን በሱ ብቻ አትተኚ፣ ከመቶ ሁለት የተባለው ልክ ነው። ምህንድስና ያላቸው ትንንሽ ኮሌጆችን ጨምሪ። ስዋርትሞር እና ላፋዬት ለተቀበሉት የውጭ ተማሪ የሚያስፈልገውን ይሸፍናሉ። እነሱ ሲወስኑ ግን ስንት እንደምትፈልጊ ያያሉ፤ ገንዘብ መጠየቅሽ ያከብድብሻል። እወቂው ብዬ ነው።

የአባትሽ የግብር ደረሰኝ ይፈለጋል። ደመወዝተኛ ስላልሆነ አትደንግጪ፤ የኔም አባት ያኔ ደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበር። ደረሰኙን አስተረጎምነው፣ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፍን፣ አለቀ። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳልሽ ጠይቂ። ውጤትሽን ራስሽ ሞልተሽ ማስገባት በብዙዎቹ ይበቃል፤ ለመላክ አትክፈይ።

ወፍ በረር፣ ስለ ምደባው አልቃወምህም። አንድ ነገር ግን አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዓመት ከተማረች ብዙ ኮሌጆች እንደ ዝውውር ተማሪ ነው የሚያዩዋት። ለዝውውር የሚሰጠው እርዳታ ደግሞ ጠባብ ነው። የየኮሌጁን ደንብ አንብባ ትወስን።

በነገራችን ላይ፣ ብየዳ ቤቱ ውስጥ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ፊዚክስ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሁለት ነገር ልበልሽ።

የድጋፍ ደብዳቤ ስታስጽፊ መምህርሽን ባዶ እጅሽን አትሂጂበት። እኛ ለሁሉም «ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ናት» ብለን ነው የምንጽፈው፤ እኔም ለስንቱ ጽፌያለሁ። ምን እንደሠራሽ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተከራከርሽው በወረቀት ጽፈሽ ስጪው፣ ያስታውሳል። የካውንስለሩን (የተማሪ አማካሪውን) ቅጽ ርዕሰ መምህሩ ይሞሉታል። ኢሜይላቸውን የሚከፍቱ ካልሆነ ቢሯቸው ሄደሽ አብረሽ ክፈቺ።

ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። አንድ ተማሪዬ ጃንዋሪ 1 የተባለውን ጥር 1 ነው ብሎ ሲጠብቅ አለፈው። ጃንዋሪ 1 አብዛኛውን ዓመት ታኅሣሥ 23 ነው። ኖቬምበር 1 ደግሞ ጥቅምት 22። ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

የብየዳ ቤት ልጅ፦

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ ለጥፌዋለሁ። መፍቻ፣ «ቀላሉ ክፍል» የሚለውን ሳነብ ሆዴ ተገላበጠ። ጆርጂያ ቴክን ሰርዣለሁ።

ብየዳ ቤት ብዙም አልሠራም። ሒሳብ እይዛለሁ፣ ኤሌክትሮድ እቆጥራለሁ። አንዴ ግን የብየዳ ማሽኑ ተቃጠለ። ሠሪው የጠየቀው ገንዘብ ስለበዛ የተቃጠለውን ሽቦ እኔ መፍታት ጀመርኩ። ስንት ዙር እንደሆነ እየቆጠርኩ ነበር፤ 140 ላይ ደንበኛ መጣና ጠፋብኝ። የቀረው ደግሞ ቀልጦ ተጣብቋል። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ወደ መበየጃው የሚወጣውን ጥምጥም ቆጠርኩት፣ 48 ዙር ነው። ማሽኑ ላይ 50 ቮልት ይላል። ዙሩ ከቮልቱ ጋር እኩል ነው የሚያድገው፤ የኛ መብራት 220 ስለሆነ መብራቱ የሚገባበት የተቃጠለው ጥምጥም 211 ዙር ያስፈልገዋል ማለት ነው። 211 ጠመጠምኩ። ከፋሲካ ጀምሮ እየሠራ ነው። ትንሽ ይግላል፣ ሽቦው ቀጠን ያለ ስለሆነ ይመስለኛል። አባቴ ለደንበኛ እኔ እንደሠራሁት አይናገርም፤ ማሽኑን ይፈሩታል ይላል።

መፍቻ 13፦

ይህን ነው እንግዲህ «ብዙም አልሠራም» ያልሽው! ከማመልከቻው ጋር የምታስገቢው ድርሰትሽ እሱ ነው። ከሕልምሽና ከአገር እድገት አትጀምሪ። 140 ላይ ከጠፋብሽ ጀምሪ። መጋሉንም እንዳትደብቂው፤ ለምን እንደሚግል የገመትሽውን ጻፊ። በራስሽ እንግሊዝኛ ይሁን፣ ለማንም አታስጽፊ። 540 ያየ ሰው የተቀባባ ድርሰት ሲያይ ወዲያው ይጠረጥራል።

የብየዳ ቤት ልጅ፦

ለዲሴምበሩ ኤስኤቲ ተመዝግቤያለሁ። አባቴን ለመጠየቅ አንድ ቀን ሙሉ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ስንት እንደሆነ ብቻ ጠይቆ ሰጠኝ። የምደባውን ነገር ግን ገና አልወሰንኩም። ወፍ በረር፣ ያልከው ጆሮዬ ላይ ነው።