ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ቴሌስኮፕ የቱ ነው?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ለገና ከዋሽንግተን ትመጣለች። «ምን ላምጣልህ?» ስትለኝ ሳላስብ «ቴሌስኮፕ» አልኳት። አሁን የቱን እንደምላት ግራ ገባኝ። ፎቶ አላነሳበትም፤ በዓይኔ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው። ቤታችን ከተማው ዳር ነው፤ መብራት ሲጠፋማ ከጓሯችን የሚታየው ሰማይ ጉድ ነው። ኢንተርኔት ላይ 525 እጥፍ ያጎላል የሚባል ርካሽ አየሁ። እሱን ልበላት? ሻንጣዋ 23 ኪሎ ነው፤ ግማሹ ደግሞ የእናቴ ዕቃ ነው።

ተሸዋጁ፦
ወንድሜ፣ እንዳትሸወድ! እኔ ተሸውጃለሁ። ካርቶኑ ላይ ያው 525 እና ባለቀለም ጋላክሲ ነበረበት። የሌንሱ ስፋት ግን 60 ሚሊሜትር ብቻ። ደህና ቴሌስኮፕ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ሁለት እጥፍ ቢያጎላ ነው። ስለዚህ የኔው ከ120 በላይ ብዥታ ብቻ። እግሩማ አይወራ! ምስሉን ለማጥራት ጣቴን ሳስጠጋ ጁፒተር እስክስታ ይወርዳል።

ማጉያውን ተወውና የመስታወቱን ስፋት ጠይቅ፤ ብርሃን የሚሰበስበው እሱ ነው። አሁን ያለኝ ስካይዋችር ሄሪቴጅ 130ፒ ነው። መስታወቱ 130 ሚሊሜትር ስለሆነ ከድሮው አራት እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ቱቦው ታጥፎ ያጥራል፣ 6 ኪሎ ገደማ ነው። ከሁለት አይፒስ (ዓይንህን የምታስጠጋበት ትንሽ ሌንስ) ጋር ይመጣል፦ 25 እና 10 ሚሊሜትር። የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት፣ 650 ሚሊሜትር፣ ለእነሱ ስታካፍል 26 እና 65 እጥፍ ይሰጥሃል። ትንሽ መሰለህ? በ26ቱ የኦርዮንን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና)፣ በ65ቱ የጁፒተርን መስመሮች አይቻለሁ። እናቴ ጨረቃን አይታ «ይሄ ሁሉ ጉድጓድ!» ብላ ቡናው ገነፈለባት።

ቱቦው ጎኑ ክፍት ስለሆነ ጥቁር ጨርቅ አልብሰው። በጉዞ መስታወቱ ሊዛነፍ ስለሚችል ማስተካከሉን ተማር። ፀሐይ ላይ ግን ያለ ማጣሪያ በፍጹም!

የሌሊት ወፍ፦
በእርግጥ ባለ 8 ኢንች መስታወቱ ይበልጣል፤ ግን ቱቦው 1.2 ሜትር ገደማ ነው፣ እህትህን አታሰቃያት። ኢኳቶሪያል የሚባለውንም ማቆሚያ እርሳው። በሰሜን ኮከብ ነው የሚስተካከል፣ እሷ ደግሞ እኛ ጋ ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትል። አንድ ተራራ ወይም የጎረቤት ባሕር ዛፍ ከጋረዳት አለቀ።

የኛ ሀብት በደቡብ ነው። ግንቦት አጋማሽ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ኦሜጋ ሴንታውሪን ፈልግ። የከዋክብት ክምችት ነው። እህትህ ካለችበት አድማሱን ታክኮ ነው የሚያልፈው።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ተባረኩ። ስሙን ልኬላታለሁ። ጨርቁን እዚሁ አሰፋለሁ። ጠረጴዛችን ግን ይወዛወዛል፤ በርሜል ላይ ባስቀምጠውስ?

ተሸዋጁ፦
እንዲያውም ይሻላል። ውሃ ሙላበት።