ድንቼን በሽታ እየጨረሰብኝ ነው፤ ልርጭ ወይስ ግንዱን ልጨድ?

ሰላም ወገኖች። ሱሉልታ አካባቢ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር የምናለማት ትንሽ የአትክልት ማሳ አለችን። ጎመኑና ቆስጣው ደህና ነው፣ እየለቀምን እንሸጣለን። ጭንቀቴ ድንቹ ነው። ጉደኔ የሚባለውን ዝርያ ሚያዝያ መጨረሻ ተከልን፣ ሁለቴ ኮትኩተን አፈር አስታቀፍነው፣ አበባውም ደስ ይል ነበር።

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ዝናቡ አላባራም። ቅጠሉ ከጫፉ እየጠቆረ፣ በፈላ ውኃ የተለበለበ መስሏል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ገልብጬ ሳየው የጠቆረውን ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ከቦታል። ጎረቤታችን «ዝናቡ ነው፣ ይተወዋል» ይሉኛል። እኔ ግን አላምንም፤ አምና የእህቴ ማሳ እንዲሁ ጀምሮ በሳምንት አለቀ።

ማንኮዜብ የሚባለውን የሻጋታ መድኃኒት ረጭቼ ነበር፣ ከሰዓት የመጣው ዝናብ አጠበው። አሁን ሪዶሚል ልሞክር? ወይስ ግንዱን አጭጄ ከማሳው ላውጣና፣ ቆዳው እስኪጠና ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቄ ልቆፍር? አንዱን ሥር አውጥቼ አየሁት፦ ትልቁ የዶሮ እንቁላል ያህላል፣ ቆዳው ግን በአውራ ጣት ሲታሽ ይላጣል። እንዲህ ጭኜው ሃይሌ ጋርመንት ገበያ እስኪደርስ እንዳይበላሽ ፈራሁ።

የልጆቹ የመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም የሚወጣው ከዚሁ ነው። የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ንገሩኝ።