እናቴ ለእግሯ መደንዘዝ የምትወስደው ቢ6 ራሱ እየጎዳት ይሆን?

የደሴ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እናቴ ምክር ፈልጌ ነው። ዕድሜዋ 61 ነው። ስኳር ስላለባት ለብዙ ዓመት ሜትፎርሚን ትወስዳለች። አምና እግሯን ማቃጠልና መደንዘዝ ሲጀምራት ከሰፈር ፋርማሲ «የነርቭ ቫይታሚን» ተብሎ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ ያለበት ኪኒን ተሰጣት። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ፍሬ ትውጣለች። እህቴ ደግሞ ከአሜሪካ ቢ ኮምፕሌክስና ማግኒዚየም ትልክላታለች። ከውጭ የመጣ መድኃኒት እናቶች ዘንድ ያለውን ክብር ታውቃላችሁ፤ አንዱንም አትዘልም። አሁን ግን መደንዘዙ እጇም ላይ መጣ። መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ካልያዘች ትንገዳገዳለች። ቫይታሚን ሲበዛ ነርቭ ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው? ወይስ ስኳሩ ነው?

ፋርማሲስቷ
እውነት ነው ወንድሜ፤ ሁሉም ቢ ግን እንዲህ አያደርግም። ነርቭ በመጉዳት የሚታወቀው ቢ6 ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ2 ሚሊ ግራም በታች ነው። ይህን ከድንች፣ ከሽምብራ፣ ከሙዝ፣ ከሥጋ ያገኘዋል። ከምግብ በዝቶ የጎዳው ሰው የለም። ለነርቭ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ግን በአንድ ፍሬ 100 ወይም 200 ሚሊ ግራም ቢ6 የያዙ አሉ።
«ቢ በውሃ ስለሚሟሟ ትርፉ በሽንት ይወጣል» ሲባል ትሰማላችሁ። እባካችሁ በዚህ አትዘናጉ። በ1983 የአሜሪካ ሐኪሞች በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ሲወስዱ የነበሩ 7 ሰዎች እግራቸው ደንዝዞ ቀጥ ብሎ መሄድ እንዳቃታቸው ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ በጣም ባነሰ መጠንም የተጎዱ ታይተዋል። አሜሪካ ለአዋቂ የቀን ጣሪያውን 100 ሚሊ ግራም ስትል፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ወደ 12 አውርዶታል።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ
እህትህ የላከቻቸውን ጠርሙሶች ጀርባቸውን አንብብ። ቢ6 «ፓይሪዶክሲን» ተብሎም ይጻፋል። ማግኒዚየም ውስጥ ቢ6 የሚጨምሩ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው፤ የኃይል መጠጦችም ውስጥ አለ። የተጻፈው መጠን የስንት ፍሬ እንደሆነም እይ፤ አንዳንዱ የሁለት ፍሬ ነው። ከዚያ ሁሉንም ደምረው።

ዶ/ር የውስጥ ደዌ
ቢ6 ላይ ብቻ እንዳትቆሙ። ስኳር ራሱ የእግር ነርቭ ይጎዳል። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ ቢ12ን ያሳንሳል፤ የቢ12 እጥረትም መደንዘዝና መንገዳገድ ያመጣል። ስለዚህ እናትህ የሦስት ወር የስኳር ምርመራ፣ የቢ12፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ቢ12 ያለበት ኪኒን እየወሰዱ መሆኑን ለሐኪሙ ንገር፤ አለዚያ የደም ውጤቱ ያሳስታል። ሜትፎርሚኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ቅድስት
እኔ የቲቢ መድኃኒት ላይ ነኝ። ከአይሶኒያዚድ ጋር ቢ6 ሰጥተውኛል። ላቁም እንዴ?

ዶ/ር የውስጥ ደዌ
በፍጹም እንዳታቆሚ፣ ቅድስት። አይሶኒያዚድ ቢ6ን ከሰውነት ያሟጥጣል። ያ የታዘዘልሽ ነርቭሽን ለመጠበቅ ነው። በታዘዘልሽ መጠን ውሰጂ፤ ሌላ ቢ ኮምፕሌክስ ከውጭ አትጨምሪበት። መደንዘዝ ከጀመረሽ ለጤና ጣቢያው ተናገሪ።

አባ መላ
እኔን ይሄው ችግር አግኝቶኝ ነበር። አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትደነግጡ። ኪኒኑን ካቆምኩ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ማቃጠሉ ባሰብኝ። ሐኪሜ ቀድሞ ስለነገረኝ ነው እንጂ መልሼ እጀምር ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ለቀቀኝ፤ መጀመሪያ እጄ፣ እግሬ መጨረሻ ላይ። ሁሉም ሰው ሙሉ በሙሉ አይድንም ይላሉ፤ ቶሎ ያቆመ ግን ይሻለዋል። እስከዚያው ማታ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ መብራት ይኑር። ባዶ እግራቸውን አይሂዱ። የእግር ውሃ ሲሞቅላቸው ሙቀቱን አንተ በእጅህ ለካው፤ ስኳር ላለበት እግር ቃጠሎ ቀላል ነገር አይደለም።

የደሴ ልጅ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን አነበብኩ። የነርቩ ኪኒን በፍሬ 200 ነው፣ በቀን 400። ቢ ኮምፕሌክሱ 50። ማግኒዚየሙ ውስጥም 10 አለ። 460 ሆነ! ሐኪም ያዘዘው የለም።

ፋርማሲስቷ
በጣም ብዙ ነው። ሐኪም ካላዘዘ ሦስቱንም ዛሬውኑ አስቀምጣቸው፣ ግን አትጣላቸው። ካርቶኑንና ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዘህ ሐኪማቸው ጋ ውሰዳቸው። መቼ እንደጀመሩና መደንዘዙ መቼ እንደባሰ ወረቀት ላይ ጻፍ። ለእህትህም ዛሬ ደውልላት፤ ሌላ ዕቃ እየተላከ ሊሆን ይችላል። መራመድ ካቃታቸው፣ ወይም ድንገት አንድ ጎናቸው ከደከመ ወይም አፋቸው ከተንሻፈፈ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።