የጥንት ክርስቲያኖች በማኅበራቸው መደገስ የማይችለውን ሰው ምን ያደርጉት ነበር?

ጸሐፊዋ (ሞጣ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነዋሪነቴ ሞጣ ነው፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። በየወሩ በ21 የምንሰበሰብበት የማርያም ማኅበር አለን፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ጥያቄዬ ስለ ጥንት ክርስቲያኖች ቢሆንም የተነሣው ከዚሁ ማኅበር ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እንደምታውቁት ጽዋው በተራ ይዞራል። ተራው የደረሰው ሰው ጠላውን ይጠምቃል፣ ድፎውን ይደፋል፣ ወጡን ይሠራል። የንስሐ አባታችን ይባርካሉ፤ ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ጽዋው በእልልታ ለባለተራው ይሰጣል። አሁን አንዲት ሴት ልግባ ብላ ጠየቀች። ከዓባይ በረሃ ወገን የመጣች፣ በሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል የምትኖር ናት። ማኅበርተኛው ሁሉ ይወዳታል፤ የብዙዎቻችን ምጣድ እጇን ያውቃል። ነገር ግን ተራዋ ሲደርስ በምን ትደግሳለች? ይህን ሁሉ ሰውስ የት ታስቀምጣለች? የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ «ሳትደግስ ትግባ» አለ። አንዲቱ ደግሞ «ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ እርሷም ብትሆን የሰው እየበላች ባዶ እጇን መቀመጧ ያሳፍራታል» አለች። የማኅበሩ መሪ ሙሴያችን ነገሩን ለሚቀጥለው ወር አሳደሩት።

በክርክሩ መካከል ታሪክ የሚያነብ አንድ ወጣት፣ «የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖችም በዘመኑ አረማውያን እንደነበሯቸው ያለ ማኅበር ነበር ያላቸው፤ መዋጮ፣ ግብዣና ቀብር ነው» ብሎ ተናገረ። ብዙዎች ተቆጡ። እኔ ግን ማወቅ ነው የምፈልገው። እውነት በሮማውያን ዘመን እንዲህ ያሉ ማኅበራት ነበሩ? ክርስቲያኖቹ በየሰው ቤት ሲሰበሰቡ ባሪያውን፣ መበለቲቱን፣ የዕለት ጉርሱን ለቅሞ አዳሪውን በምን ሥርዓት ያስገቡት ነበር? በሚቀጥለው 21 የሚጨበጥ ነገር ይዤ መግባት እፈልጋለሁ።

የደብረ ማርቆሱ ጡረተኛ መምህር

እህቴ ጸሐፊዋ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፤ የጠየቅሽው ትልቅ ነገር ነው። ታሪክ ሳስተምር ኖሬ እንዲህ ከኑሮ የተነሣ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ብረዝም ታገሺኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

ወጣቱ ከባዶ አልተነሣም። በሮም ግዛት በየከተማው እልፍ ማኅበር ነበር፤ የአናጢዎች፣ የነጋዴዎች፣ የአንድ ጣዖት አምላኪዎች፣ የቀብር ማኅበር። ከሮም ብዙ በማትርቅ ላኑቪየም በምትባል ከተማ በ133 ዓ.ም. የተቋቋመ የአንዱ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ በ1816 ተገኝቷል። ዲያና ለተባለችው ጣዖትና ከሞተ በኋላ እንደ አምላክ ለተቆጠረው ለወጣቱ አንቲኖስ የቆመ ማኅበር ነው። ደንቡን ያነበበ የጎጃም ሰው ባዕድነት አይሰማውም። መግቢያው ሴስተርስ በሚባለው የሮም ገንዘብ 100ና አንድ ጋን ጥሩ የወይን ጠጅ ነው። የወር መዋጮው 5 አስ ነው፤ አስ የሚባለው የመዳብ ሳንቲም አራቱ አንድ ሴስተርስ ይሆናል። መዋጮውን ሲከፍል የኖረ አባል ሲሞት ለቀብሩ 300 ሴስተርስ ይወጣለታል፤ ከዚያም ውስጥ 50ው ለአስከሬን አጃቢዎች ይታደላል። ግብዣው በስም ዝርዝሩ ተራ በየጊዜው ለአራት ሰዎች ይደርሳል፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጋን ወይን፣ በጠቅላላው ደግሞ ለአባላቱ ልክ የ2 አስ ዳቦና አራት አራት ሰርዲን ያቀርባሉ። ተራው ደርሶ ያልደገሰ ሰው 30 ሴስተርስ ተቀጥቶ ድግሱ ለቀጣዩ ይተላለፋል። ቦታውን ትቶ ሁከት የሚያስነሣ 4 ሴስተርስ፣ ሌላውን የሚሰድብ 12፣ የማኅበሩን አለቃ በግብዣ ላይ የሚዳፈር 20 ይቀጣል። ስድቡ እንደየማዕረጉ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ባሪያዎችም በዚህ ማኅበር አባል ነበሩ። ባሪያው ሞቶ ጌታው በክፋት አስከሬኑን ቢከለክል ማኅበሩ በምስሉ ቀብር ያደርግለት ነበር። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም፤ አረማውያኑም ርኅራኄ ነበራቸው። ግን ሒሳቡን ተመልከቺው። መቶው የመግቢያ ሴስተርስ የ80 ወር መዋጮ ነው። ያቺ የእናንተ እንጀራ ጋጋሪ በላኑቪየም ብትኖር ደጁ ላይ ትቀር ነበር።

የክርስቲያኖቹን ስብሰባ ከውጭ የተመለከተ ሰው ደግሞ አለ። ታናሹ ፕሊኒ በ112 ዓ.ም. ገደማ በቢታንያና በጳንጦስ፣ ዛሬ ሰሜን ቱርክ በሚባለው አገር፣ የሮም ገዢ ነበር። ንጉሡ ትራያን ማኅበር የሚባል ነገር አይወድም፤ በፕሊኒ ግዛት ያለችው ከተማ ኒቆሜድያ በእሳት ከተጎዳች በኋላ ፕሊኒ 150 እሳት አጥፊዎች በማኅበር ይደራጁ ብሎ ቢጠይቀው እንኳ፣ ሰዎች ለምንም ዓላማ ይሰብሰቡ ውሎ አድሮ የፖለቲካ ጎራ ይሆናሉ ብሎ ከልክሎታል። ክርስቲያኖቹ ሲከሰሱ ፕሊኒ የሰማው ይህን ነው፤ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፣ ላይሰርቁ፣ ላያመነዝሩ፣ አደራ ላይክዱ በመሐላ ይተሳሰራሉ፣ ከዚያ ተበታትነው ለማዕድ እንደገና ይገናኛሉ፤ ማዕዱም ተራ ምግብ ነው። እርሱ ማኅበራትን የሚከለክለውን አዋጅ ሲያወጣ ማዕዱን ትተውታል። ነገሩን ለማጣራት ብሎ ሁለት ሴቶች አስገርፎ መረመረ። ሁለቱም ባሪያዎች ነበሩ፤ ክርስቲያኖቹ ግን የሚጠሯቸው በአገልጋይነት ማዕረግ ነበር። ይህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ገዢው ስለ ማኅበሩ እውነቱን ያወጣሉ ብሎ የመረጣቸው በከተማው ሚዛን ከሁሉ በታች የነበሩትን ሁለት ሴቶች ነው።

ይህ ሲባል ክርስቲያኖቹ ያለ ጭቅጭቅ ኖሩ ማለት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በ50ዎቹ ዓመታት ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 11 አንብቢ። የሚሰበሰቡት ሰፋ ያለ ቤት ባለው ሰው ዘንድ ነው። ጊዜ ያለው ቀድሞ ደርሶ ይበላል፤ የሥራው ሰው ሲመጣ ማዕዱ አልቋል። አንዱ ይራባል፣ አንዱ ይሰክራል። በዚያ ዘመን ደግሞ ባለጸጋ ሲጋብዝ እንግዶችን በማዕረግ መለየት ልማድ ነበር፤ ይኸው ፕሊኒ አንድ ጋባዥ ለራሱና ለእኩዮቹ አንድ ዓይነት፣ ለአነስተኛ ወዳጆቹ ሌላ፣ ነጻ ለወጡ ባሪያዎች ሦስተኛ ዓይነት ወይን ሲያቀርብ አይቶ በደብዳቤ ነቅፎታል። ጳውሎስ ቆሮንቶሶችን የገሠጻቸው ይህ የከተማው ልማድ ወደ ጌታ ማዕድ ስለገባ ነው። ምንም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁ ይላቸዋል፤ ስትሰበሰቡ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ ብሎ ያዛል። ሙሴያችሁ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ወደ መዋጮው ስንመጣ የክርስቲያን ጸሐፊው ጠርጡለስ በ197 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን አፍሪካ ከተማ በካርታጎ የጻፈው ጉዳይሽን በቀጥታ ይነካል። እኛም የጋራ ሣጥን አለን ይላል፤ እያንዳንዱ በወር አንድ ቀን፣ ወይም በፈለገ ጊዜ፣ ከፈለገና ከቻለ ትንሽ ያስገባል፤ ማንም አይገደድም። ገንዘቡ ለግብዣና ለመጠጥ አይውልም፤ ድሆችን ለማብላትና ለመቅበር፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ከቤት ለማይወጡ አረጋውያን፣ መርከብ ለተሰበረባቸው፣ ስለ እምነታቸው በማዕድን ጉድጓድ፣ በደሴትና በወኅኒ ላሉት ነው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስም ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቀድሞ በሮም ስለ እሑድ ጸሎት ሲጽፍ፣ ያላቸው እንደ ፈቃዳቸው የሰጡት በመሪው ዘንድ ተቀምጦ ለመበለት፣ ለበሽተኛ፣ ለእስረኛና ለእንግዳ እንደሚውል፣ ለቀሩትም ሰዎች ዲያቆናት ከማዕዱ እንደሚወስዱላቸው ይናገራል። በ251 ዓ.ም. የሮም ቤተ ክርስቲያን 46 ቀሳውስትና 7 ዲያቆናት እያላት ከ1500 የሚበልጡ መበለቶችንና ችግረኞችን ትመግብ ነበር፤ ይህን የጻፈው ጳጳሱ ቆርኔሌዎስ ነው።

ስለዚህ ለወጣቱ እንዲህ በዪልኝ። የወር መዋጮው፣ ማዕዱ፣ ቀብሩ አንድ ነው፤ አልተሳሳትህም። ልዩነቱ በላኑቪየም ሣጥን የሚከፈተው ለከፈለ ሰው መሆኑ ነው። የክርስቲያኖቹ ሣጥን መክፈል ላልቻለውም ይከፈት ነበር።

እናት ጓዳ (ዳንግላ)

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሁለት ሰው በአንድ ጽዋ ይገባል። ሰፊ ቤት ያለው ቤቱን ይሰጣል፤ የሌላው ድርሻ ጉልበት ነው፤ ጌሾ መውቀጥ፣ ማሽላ መፍጨት፣ ውኃ መቅዳት። በመዝገቡ ላይ የሁለቱም ስም እኩል ይጻፋል። ጸሎቱም ለሁለቱም ነው።

ደገኛው (ቢቸና)

መምህር፣ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ነገር ግን አንዱን ጎን አልነኩትም። የጽዋ ማኅበር የተቸገረ መርጃ ድርጅት አይደለም፤ የቅዱሱ ወይም የእመቤታችን መታሰቢያ ነው። ተራ ሲደርስ መደገስ ሸክም ብቻ አይደለም፤ ክብር ነው። እናቴ ባሏ በሞተባት ዓመት ጽዋውን አሳልፊ ብትባል እምቢ አለች። ጎረቤት በወንፈል ረድቷት ደገሰች፤ ቀና ብላ መቀመጥ የቻለችውም በዚያ ነው። ይቺንም ሴት አንቺ አትደግሺም ብሎ ማስገባት ከሁላችን በታች ማስቀመጥ እንዳይሆን እፈራለሁ። «ያሳፍራታል» ያለችው ማኅበርተኛ ክፉ አልተናገረችም።

የደብረ ማርቆሱ ጡረተኛ መምህር

ልጄ ደገኛው፣ እናትህን ነፍስ ይማር ልበል ወይስ ዕድሜ ይስጥልኝ? በሕይወት ካሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የተናገርከው እውነት ነው፤ ጥንትም ያስጨነቀ ጉዳይ ነው።

አሪስቲደስ የሚባል የአቴና ክርስቲያን በሁለተኛው መቶ ዘመን ለሮም ንጉሥ ባቀረበው መከላከያ የሚናገረው ነገር አለ። በመካከላቸው ድሃ ቢኖርና እነርሱም የሚተርፍ ባይኖራቸው፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጾመው የራሳቸውን ቀለብ ይሰጡታል ይላል። ስለ ባለጸጎች ትርፍ አይደለም የሚያወራው። የሚሰጡትም ድሆች ነበሩ። ድሃ የሚጾመው ጾም፣ ድሃ የሚያዋጣው እጅ ሥራ በዚያ ማኅበር እንደ ስጦታ ይቆጠር ነበር። እናትህ በወንፈል እንደደገሰችው ሁሉ፣ የሞጣዋም እናት የምትሰጠው አላት፤ ጥያቄው ማኅበሩ ያንን እንደ ድግስ ይቆጥረዋል ወይ ነው።

ስለ መቀመጫም ጉዳይ ሦስተኛው መቶ ዘመን ላይ በሶርያ የተጻፈው ዲድስቅልያ፣ በግእዝም በቤተ ክርስቲያናችን የሚታወቀው መጽሐፍ፣ ትእዛዝ አለው። ድሃ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ጉባኤው ከሞላ በኋላ ቢገቡና ቦታ ቢጠፋ፣ ጳጳሱ ራሱ መሬት ላይ መቀመጥ ቢኖርበት እንኳ ቦታ ይስጣቸው ይላል። ባለማዕረግ ሲገባ ግን ስብከቱን አያቋርጥለትም። ከላኑቪየሙ የ20 ሴስተርስ ቅጣት ጎን አስቀምጠህ አንብበው።

የዲማ ልጅ

የእኛም አገር አጀማመር ከዚህ አይርቅም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደጻፈው ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ የምንላቸው፣ ገና ጳጳስ ሳይሆኑ በአክሱም ቤተ መንግሥት ሳሉ በአገሩ የሚነግዱ ክርስቲያን ሮማውያንን አፈላልገው የሚጸልዩበት የመሰብሰቢያ ቦታ እንዲያዘጋጁ ረድተዋቸዋል። ወደ እስክንድርያ ወርደው በአትናቴዎስ እጅ የተሾሙት ከዚያ በኋላ ነው። በንጉሥ ኢዛና ሳንቲም ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል ከመታየቱ በፊት፣ ከአገራቸው የራቁ ነጋዴዎች ጉባኤ ነበረ ማለት ነው። ከበረሃ ወጥታ በኪራይ ቤት የምትኖር ሴት ማኅበር መፈለጓ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም።

ጸሐፊዋ (ሞጣ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ሁሉንም በደብተር ገልብጬዋለሁ፤ የቆሮንቶሱን ምዕራፍ የንስሐ አባታችን እንዲያነቡልን እጠይቃለሁ።

የደገኛው ነገር ስላሳሰበኝ ትናንት ሴትዮዋን ራሷን አነጋገርኋት። ከዚያ በፊት እርሷን የጠየቀ ሰው አልነበረም። «ሳልደግስ መግባት አልፈልግም» አለችኝ። «የሁላችሁን ድፎ እኔ ልድፋ፤ ጽዋው በሄደበት ቤት ሁሉ ከዋዜማው ተገኝቼ ዳቦውንና እንጀራውን እሠራለሁ፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ደግሞ ቤት የሚያውሰኝ አይጠፋም» አለች። ዱቄቱን ባለተራው፣ እጁን እርሷ ማለት ነው። ቤቱን እኔ እሰጣለሁ፤ የስፌት መኪናዎቹን ወደ አንድ ጥግ ብገፋቸው ማኅበርተኛው ይበቃዋል።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። እናት ጓዳ፣ በእናንተ መዝገብ ሁለቱ ስሞች በአንድ ተራ ቁጥር ነው የሚጻፉት ወይስ በሁለት? በአንድ ከሆነ ተራው ሲዞር ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ሊቀሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ለብቻዋ ቁጥር እንዲኖራት እፈልጋለሁ።

እናት ጓዳ (ዳንግላ)

በሁለት ቁጥር ነው፣ እህቴ። በዓመቱ አንዷ ከሌላ ሰው ጋር ብትጣመርም ይቻላል። ድፎውን በሁሉም ቤት እርሷ ከደፋችው ግን በየወሩ እንዳትደክም አንድ ረዳት መድቡላት፤ ይህንንም በደንቡ ላይ አስጽፊው።