ክርክር፦ ዕድሜ ጠግቦ የሞተን ሰው በልብ ወለድ መግደል ይፈቀዳል?

መነሻ፦ ስለ አየርላንድ የነፃነት ትግል የተሠራውን «ማይክል ኮሊንስ» የተባለ የ1996 ፊልም ያያችሁ? (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ለእንግሊዝ አገዛዝ የሚሠራ ኔድ ብሮይ የሚባል ፖሊስ አለ። ምስጢር ለትግሉ መሪ ለኮሊንስ ያቀብላል። በፊልሙ ተይዞ ይገደላል። እውነተኛው ብሮይ ግን የነፃዋ አገር ፖሊስ ኮሚሽነር ሆኖ፣ በ1972 ነው ያረፈው።

ሲኒማ ወዳድ፦ ምን ችግር አለው? ልብ አንጠልጣይ እኮ ነው፣ የትምህርት መጽሐፍ አይደለም። ሰላዩ ካልሞተ ተመልካቹ ምን ያስጨንቀዋል?

ታሪክ አንባቢ፦ ወንድሜ፣ እውነቱ ይበልጥ ያስጨንቃል። ብሮይ የምስጢር ሪፖርት ሲተይብ አንድ ካርቦን ይጨምራል። ትርፏ ቅጂ ለኮሊንስ ትሄዳለች። ኤፕሪል 1919 አንድ ሌሊት ደግሞ ኮሊንስን ራሱን የፖሊሶቹ መዝገብ ክፍል አስገባው። ሰውዬው ስለ ራሱ የተጻፈውን ሳይቀር ሲያነብ አደረ!

ሲኒማ ወዳድ፦ እሺ፣ ይቺ ጥሩ ናት። ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጭካኔውን ማሳየት አለብህ። ተመልካቹ የወደደው አንድ ሰው መሞት አለበት።

ቡና አፍይ፦ እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 1920 ጠዋት የኮሊንስ ሰዎች የእንግሊዝ ሰላዮችን እያደኑ ገደሉ። ከሰዓት የእንግሊዝ ኃይሎች ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ኳስ ሊያይ በመጣ ሕዝብ ላይ ተኮሱ፣ 14 ሰው አለቀ። ማታ የእንግሊዝ አስተዳደር መቀመጫ በሆነው ደብሊን ካስል ውስጥ ሦስት እስረኞች ተገደሉ፦ ዲክ መኪ፣ ፒዳር ክላንሲ፣ ኮነር ክሉን። እኔ እንዳየሁት ፊልሙ የእነሱን ሞት አንሥቶ ለብሮይ ሰጠው። ሞት ይዋሳል እንዴ?

ታሪክ አንባቢ፦ አፌን አስያዝሽኝ። በፊልሙ ብረት ለበስ መኪናም ሜዳው ውስጥ ገብቶ ሲተኩስ ይታያል፤ በእውነት ግን ውጭ ነበር። 14 ሰው አልበቃ ብሎ!

የፒያሳው፦ እኔ የከነከነኝ ሌላው የአየርላንድ መሪ ዴ ቫሌራ ነው። ሸፍጠኛ አስመስለውታል። ወገንተኛ ነኝ፣ አልክድም። በ1935 ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ፣ ጄኔቫ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ቃሉን ይጠብቅ ብሎ ተናግሯል።

ሲኒማ ወዳድ፦ ስላመንክ ምረንሃል። እኔም ትንሽ ልመለስ። ሰው መፍጠር ከፈለጉ ስም ይፍጠሩለት። ብሮይ ካሉት ግን ዕድሜውን ይመልሱለት።

ቡና አፍይ፦ መጀመሪያ ምን ነበር ያልከው?

ሲኒማ ወዳድ፦ የካርቦኗን ነገር ሳልሰማ ነዋ! ፊልሙን ግን ዛሬ ማታ ደግሜ አየዋለሁ።