ሳይሸነፉ ከዘለቁት ቡጢኞች የማንኛው ጉዞ ይበልጣል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦
የተከበራችሁ የቦክስ ወዳጆች፣ ማርቆስ ላይ ከባልንጀሮቼ ጋር የተከራከርንበትን ጉዳይ ላቅርብላችሁ። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ ሁሉንም አሸንፎ ጓንቱን ሰቀለ፤ ፍሎይድ ሜይዌዘር ደግሞ 50 አድርሷል። ታዲያ ቁጥሩ ብቻውን ሜይዌዘርን ያስበልጠዋልን?

መልስ (ከባሕር ዳር)፦
ወንድሜ፣ እኔ አያስበልጠውም ባይ ነኝ። የሜይዌዘር 50ኛ ተጋጣሚ፣ የቅይጥ ማርሻል አርት ተፋላሚው ኮኖር ማክግሪጎር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሪንግ ላይ ሲወጣ በፕሮፌሽናል ቦክስ ገና የመጀመሪያ ግጥሚያው ነበር። ማርሲያኖ ግን በ1955 በመጨረሻ ፍልሚያው በአርቺ ሙር ቡጢ በ2ኛው ዙር ወለል ላይ ወድቆ ከተነሣ በኋላ፣ ያለ ፋታ እየገፋ ሄዶ በ9ኛው ዙር በዝረራ ረታው። ከድሎቹም 43ቱ ዳኛ ነጥብ ሳይቆጥርባቸው ያለቁ ናቸው።

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)፦
ስለ ማርሲያኖ የተባለው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ካኔሎ አልቫሬዝንና ማኒ ፓኪያዎን ባሸነፈው በሜይዌዘር ላይ ፍርድ አይጓደል። እኔ ከሁለቱም የማስበልጠው ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1943 በጄክ ላሞታ ከተሸነፈ በኋላ፣ በሐምሌ 1951 ለንደን ላይ ራንዲ ተርፒን እስኪረታው ድረስ 91 ግጥሚያ ሳይሸነፍ ዘልቋል፤ ላሞታንም በዚያው በየካቲት 1943 መልሶ ገጥሞ አሸንፎታል፣ በ1951ም የመካከለኛ ሚዛን ዘውዱን በ13ኛው ዙር ነጥቆታል። ከሽንፈት በኋላ እንዲህ ያለ ጉዞ መጓዝ፣ በእኔ እይታ፣ ከንጹሕ መዝገብ ይከብዳል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሮቢንሰንን አላሰብነውም ነበር። የሜክሲኮውን ቡጢኛ የሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝን 87 ተከታታይ ድልስ የት ታስቀምጡታላችሁ?